ከዋሳ እስከ አሳኩሳ፦ የናሽናልን ፈለግ ተከትዬ

ማክሰኞ፣ ዋካያማ

አውሮፕላኑ ጃፓን፣ ካንሳይ አየር ማረፊያ ያረፈው ገና በጠዋቱ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ኦሳካ ባቡር ሲጣደፍ እኔ ወደ ደቡብ፣ ወደ ዋካያማ አቀናሁ። የፓናሶኒክን ታሪክ ከሥሩ ልጀምር ብዬ ነው። ኦሳካ አጠገብ ትልቅ ሙዚየም አለው። ግን መሥራቹ ኮኖሱኬ ማትሱሺታ የተወለደበትን መንደር ሳላይ ሙዚየም መግባት አልፈለግሁም።

ፓናሶኒክ ስል ወጣቱ አንባቢ ይገባዋል። ዕድሜያችሁ ገፋ ላለው ግን ናሽናል ብል ይቀላል። ያው ኩባንያ ነው። ቴፑ፣ ሬዲዮኑ፣ የባትሪ ድንጋዩ። እኔ ያደግሁት ሬዲዮና ቴፕ በሚጠግን አጎቴ ሱቅ ውስጥ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ሥራዬ የቴፕ ሄድ በአልኮል መጥረግና የላላ ቤልት መቀየር ነበር። የአንድን ዕቃ ሆድ ደጋግሞ ከፍቶ ያየ ሰው፣ ማን እንደሠራው ማወቅ ያምረዋል። የመጣሁት ለዚሁ ነው።

የተወለደባት መንደር ዋሳ ዛሬ የዋካያማ ከተማ አካል ናት። በትንሿ ባቡር ሴንዳን የሚባል ጣቢያ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። የተወለደበት ቤት የለም። ያለው የመታሰቢያ ድንጋይ ነው። በድንጋዩ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የሂዴኪ ዩካዋ ነው። ዩካዋ በ1949 ለጃፓን የመጀመሪያውን የኖቤል ሽልማት ያመጣ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ለአንድ ነጋዴ ትውልድ ቦታ እንዲህ ያለ ሰው መጻፉ አስገረመኝ። ቆሜ ብዙ አየሁት።

ማትሱሺታ በኅዳር 1894 ተወለደ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከስምንት ልጆች የመጨረሻው ነው። አባቱ መሬት ያላቸው፣ በመንደሩ የተከበሩ ሰው ነበሩ። በ1899 በሩዝ ዋጋ ላይ ቁማር በሚመስል ንግድ ገብተው ከሰሩ። መሬቱም ቤቱም ተሸጠ። ቤተሰቡ ወደ ከተማ ወጥቶ የእንጨት ጫማ መሸጫ ከፈተ። እሱም አልያዘም።

በ1904 ልጁ ገና 9 ዓመቱ ነው። ከአራተኛ ክፍል ተነስቶ ኦሳካ ውስጥ ለአንድ የከሰል ምድጃ ነጋዴ እንዲያገለግል ተላከ። እናቱ ኪኖካዋ ጣቢያ ድረስ ሸኙት። ብቻውን ተሳፈረ። ያቺ ጣቢያ ዛሬም አለች። ማታ ወደ ኦሳካ የወሰደኝ ባቡር በእሷ በኩል ነው ያለፈው። ሁለት ተማሪዎች ወረዱ፣ በሩ ተዘጋ፣ ሄድን። ከገጠር ወደ ከተማ ዘመድ ቤት የተላከ ልጅ በእኛም አገር ሞልቷል። ስለዚህ ይህን ክፍል ለማንም ማስረዳት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

ረቡዕ፣ ኦሂራኪ

ኦሳካ ትልቅ ናት፤ ትጮኻለች። የዛሬው ቦታዬ ግን ጸጥ ያለ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ፉኩሺማ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ ኦሂራኪ። ከኖዳ ጣቢያ ብዙ አይርቅም። መናፈሻው ውስጥ ኩባንያው የተመሠረተበትን ቦታ የሚያስታውስ ድንጋይ ቆሟል። ልጆች ይጫወታሉ። አንዲት እናት ጋሪ እየገፉ ድንጋዩን ቀና ብለው ሳያዩት አለፉ። ለሰፈሩ ሰው ድንጋይ ነው፤ ምን ይደረግ።

ከ9 ዓመቱ እስከዚህ ሰፈር ድረስ ያለው መንገድ አጭር አይደለም። የምድጃው ነጋዴ ሱቁን ሲዘጋ ልጁ ወደ ብስክሌት ሱቅ ተዛወረ። ብስክሌት ያኔ ውድ ዕቃ ነው። ደንበኞች ጥገናቸውን እየጠበቁ ሲጋራ ግዛልኝ እያሉ ይልኩት ነበር። እየሮጠ ሲመላለስ ቆየና ነገሩን አሰላው። በጅምላ ገዝቶ ሱቁ ውስጥ አስቀመጠ። 20 ፓኮ ለገዛ አንድ ፓኮ ይመረቅ ስለነበር ትርፍም አገኘ፣ ሩጫውም ቀረለት። ከዚያ ደግሞ የኦሳካ መንገዶች ላይ የኤሌክትሪክ ትራም ሲሮጥ አየ። መጪው ጊዜ የኤሌክትሪክ ነው ብሎ ደመደመ። በ15 ዓመቱ የኦሳካ መብራት ኩባንያ ገባ፤ በየቤቱ ሽቦ የሚዘረጋ ሠራተኛ ሆነ። በ22 ዓመቱ ተቆጣጣሪ ነበር።

የተሻለ የአምፖል ማስገቢያ ሠርቶ ለአለቃው አሳየ። አለቃው አይሆንም አለው። እሱም በ1917 ሥራውን ለቀቀ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ከታሪኩ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህ ክፍል ነው። የነበረው ገንዘብ 100 የን አይሞላም። ኢካይኖ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከተከራያት ጠባብ ቤት የአንዱን ክፍል ወለል አንስቶ የሥራ ቦታ አደረገው። አብረውት የነበሩት ባለቤቱ ሙመኖ፣ ገና ልጅ የነበረው የሙመኖ ወንድም ቶሺዮ ኢውዌ፣ እና ሁለት የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። የአምፖሉ ማስገቢያ ከምን ዓይነት ውህድ እንደሚሠራ እንኳ ማንኛቸውም አያውቁም ነበር። ሰው ጠይቀው አወቁ። ዕቃው ተሠራ። ከተማውን ዞረው በአሥር ቀን የሸጡት 100 ያህል ብቻ ነው። ሁለቱ ባልደረቦች ቤተሰብ አላቸው፤ ሄዱ። ሙመኖ የሠርግ ልብሷን ሳይቀር መያዣ እያስያዘች ቤቱን አቆየችው።

ያዳናቸው ሌላ ነገር ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ አንድ ፋብሪካ 1000 የማራገቢያ ክፍል አዘዛቸው። ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ትንሽ ሰሌዳ ነው። ሦስቱ ሌሊትና ቀን ሠርተው ዓመቱ ሳያልቅ አስረከቡ። ያ ትርፍ ወደ ኦሂራኪ አሻገራቸው። መጋቢት 7 ቀን 1918 ኩባንያው እዚህ ተመሠረተ። እሱ 23፣ ሙመኖ 22፣ ኢውዌ 15 ዓመታቸው ነው።

የኢውዌን ስም ያዙልኝ። በ1947 ከእህቱ ባል ተለይቶ የራሱን ኩባንያ ከፈተ። ሳንዮ ብላችሁ የምታውቁት ነው። የጀመረው በብስክሌት መብራት ነበር። ሁለቱ ኩባንያዎች በየፊናቸው ለስልሳ ዓመት ገደማ ከኖሩ በኋላ፣ በ2009 ፓናሶኒክ ሳንዮን ጠቀለለው። በእኛ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ናሽናልና ሳንዮ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። ዘመዳሞች መሆናቸውን አጎቴም አያውቅም ነበር።

ሐሙስ፣ ካዶማ

ለዚህ ቀን ነው የመጣሁት። ከኦሳካ በኬይሃን መስመር ኒሺሳንሶ ጣቢያ ወረድኩ። ሙዚየሙ እዚያው ነው። መግቢያው ነጻ ነው። የተከፈተው በመጋቢት 2018፣ ኩባንያው 100 ዓመት በሞላው ወር ነው። ግቢው ውስጥ 190 የቼሪ ዛፎች ተተክለዋል። ዕድል ቀንቶኝ አበባቸው ፈንድቷል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ምሳቸውን ይዘው ከዛፎቹ ሥር ተቀምጠዋል።

ዋናው ሕንጻ በ1933 የነበረው ዋና መሥሪያ ቤት መልኩ ተጠብቆ እንደገና የተሠራ ነው። ውስጡ የመሥራቹ ሕይወት ነው። የኦሂራኪ ቤት ሳይቀር ተመስሎ ተሠርቷል። ትናንት ድንጋዩን ብቻ አይቼ ስለነበር ጠባብነቱን ሳየው ደነገጥኩ። ሌላኛው ሕንጻ ውስጥ የምርቶቹ ስብስብ አለ። መጀመሪያ ወደዚያ ሮጥኩ።

የብስክሌት መብራቱ ፊት ቆምኩ። 1923። ጥይት የሚመስል ቅርጽ አለው። ያኔ ብስክሌተኛ በሻማ ነበር የሚሄደው፤ ነፋስ ያጠፋዋል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራም ነበር፤ ግን ሁለት ሦስት ሰዓት አይቆይም። የማትሱሺታ መብራት ከ30 እስከ 50 ሰዓት በራ። ጅምላ ሻጮቹ አላመኑትም። አንቀበልም አሉ። እሱ ምን አደረገ? ወደ ቸርቻሪዎቹ ሄደ። መብራቱን አብርቶ ሱቃቸው ውስጥ ተወላቸው። እንደተባለው ከቆየ ሽጡት፣ ካልቆየ አትክፈሉኝ አላቸው። ሻጮቹ በዓይናቸው አዩ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆመዋል?

በ1927 ናሽናል የሚለው ስም መጣ። ስሙ መጀመሪያ የወጣው ለአራት ማዕዘን የእጅ መብራት ነው። ይህን ለማስተዋወቅ 10,000 መብራት በነጻ ሊያድል አሰበ። መብራት ያለ ባትሪ ድንጋይ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ቶኪዮ ወዳለው የባትሪ አምራች ሄዶ 10,000 ድንጋይ በነጻ ስጠኝ አለው። ሰውየው ቢደነቅ አይፈረድበትም። ማትሱሺታ በዓመት 200,000 ልሽጥልህ፣ ያን ካላደረግሁ ግን ዋጋውን እከፍላለሁ አለ። ዓመቱ ሲያልቅ የተሸጠው 470,000 ነበር። ባትሪ አምራቹ የክብር ልብሱን ለብሶ ሊያመሰግነው ኦሳካ ድረስ መጣ።

ቀጥሎ ሬዲዮኖቹ አሉ። እዚህ ብዙ ቆየሁ። በ1930 ኩባንያው ሬዲዮ የሚሠራ ድርጅት ገዝቶ ገበያ ገባ። ሬዲዮኑ እየተበላሸ ይመለስ ጀመር። ሻጮች ተቆጡ። ያን ጊዜ ሬዲዮ የሚሸጠው የሚጠግን ባለሙያ ነበር፤ ተራ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ከፍቶ ማስተካከል አይችልም። ማትሱሺታ የራሱን ሰዎች ጠርቶ የማይበላሽ ሬዲዮ ሥሩልኝ አለ። ሬዲዮ የሚያውቅ መሐንዲስ አልነበራቸውም። በሦስት ወር ገደማ ሠሩ። በ1931 የቶኪዮ ሬዲዮ ጣቢያ ባዘጋጀው ውድድር አንደኛ ወጣ። በዓመቱ ደግሞ አንድ ፈጣሪ የሬዲዮ ሥራን የሚያግድ ፓተንት (የፈጠራ መብት) ይዞ ስለነበር 25,000 የን ከፍሎ ገዛው። ከዚያ ለተፎካካሪዎቹ ሁሉ በነጻ ለቀቀው።

ማታ ይህን ለአጎቴ በስልክ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ፓተንቱን ገዝቶ በነጻ ለቀቀው።»

«ለማን?»

«ለሁሉም። ለተቀናቃኞቹም ጭምር።»

ዝም አለ። ከዚያ፣ «አንተ ልጅ፣ ለዚህ ነዋ ንድፉን ከክዳኑ ውስጥ የሚለጥፉልን» አለኝ። አንዳንድ አሮጌ ሬዲዮኖች ክዳናቸው ሲከፈት የሽቦው መስመር የታተመበት ወረቀት ነበራቸው። አጎቴ ሙያውን የተማረው ከእነዚያ ወረቀቶች ነው። ሁለቱ ነገሮች በቀጥታ ይገናኛሉ አልልም። እሱ ግን እንደዚያ ነው የገባው፤ ደስም አለው።

ከዚያ ወደ ዋናው ሕንጻ ተመለስኩ። ስለ 1929 ለማንበብ ነው።

የዓለም ኢኮኖሚ ወድቋል። ዕቃ አይሸጥም። መጋዘኑ ሞልቷል። ማትሱሺታ ታሞ ተኝቷል። ኢውዌና አንድ ሌላ ኃላፊ ወደ አልጋው መጥተው ሠራተኛውን በግማሽ ከመቀነስ ሌላ መውጫ የለም አሉት። መልሱ ይህ ነው፦ ምርት በግማሽ ይቀነስ። ሰው ግን አይቀነስም። ሥራው ግማሽ ቀን ይሁን፣ ደመወዝ ሙሉ ይከፈል። በቀረው ግማሽ ቀን፣ በዕረፍት ቀንም ጭምር፣ ሁሉም ወጥቶ በመጋዘን ያለውን ይሽጥ። በሁለት ወር ገደማ መጋዘኑ ባዶ ሆነ። ፋብሪካው ወደ ሙሉ ሥራ ተመለሰ።

ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። የደግነት ተረት አድርገው የሚያወሩት ሰዎች አሉ። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ግማሽ ሠራተኛ ቢባረር የቀረው ግማሽ ነገ የእኔ ተራ ነው እያለ ይሠራ ነበር። ያ መጋዘን በሁለት ወር ባልተራገፈ ነበር። ክፉ ቀን ሲመጣ ማን ይቀራል? አንድን ኩባንያ የምመዝነው በዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ያየሁትን ሁሉ ያየሁት በዚህ ጥያቄ ነው።

ግንቦት 5 ቀን 1932 ማትሱሺታ ከሠራተኞቹ 168ቱን ኦሳካ ውስጥ አንድ አዳራሽ ሰበሰበ። ያወጀላቸው የ250 ዓመት ዕቅድ ነው። ለአሥር ተከፍሎ እያንዳንዱ 25 ዓመት። ሐሳቡ የመጣለት አንድ ቀን ሰው ከመንገድ ዳር ቧንቧ ውሃ ሲጠጣ አይቶ ነው። ውሃ ዋጋ ያለው ነገር ነው። ግን ሞልቶ ስለሚፈስ መንገደኛ ቢጠጣው ማንም አይቆጣም። አምራች ዕቃን እንደ ቧንቧ ውሃ አብዝቶ፣ አርክሶ ድህነትን ማጥፋት አለበት አለ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ጀሪካን ተሰልፎ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ስሜቱ ለየት ይላል። ሰውየው ሊል የፈለገው ግን ለእኔ ይበልጥ ግልጽ የሆነልኝ ለዚያ ይመስለኛል።

ዕቅዱ ጦርነቱን አላሰበም። በጦርነቱ ጊዜ ኩባንያው ለወታደሩ የእንጨት መርከብና አውሮፕላን ሳይቀር ሠርቷል። ይህ መታለፍ የለበትም። ጃፓን ስትሸነፍ አሜሪካኖቹ የትልልቅ ኩባንያ ኃላፊዎችን ከሥራ አገዱ፤ ማትሱሺታም ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ያኔ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። የሠራተኛ ማኅበራት በየቦታው አለቆቻቸው እንዲባረሩ በሚጮኹበት ጊዜ፣ የእሱ ሠራተኞች ማኅበር ይቅርልን ብሎ ፊርማ አሰባሰበ። ከ15,000 በላይ ፊርማ። በ1947 እገዳው ተነሳለት። እነዚያን ፊርማዎች 1929 ያመጣቸው ይመስለኛል። ቃሉ ግን ሁልጊዜ አልጸናም። በ1950 ኩባንያው ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ ሠራተኛ ቀንሷል። መሥራቹ በሕይወት እያለ፣ ራሱ እየመራው።

ከመውጣቴ በፊት የ1952ቱን ቴሌቪዥን አየሁ። 17 ኢንች፣ 290,000 የን። ያኔ ተራ ሠራተኛ የሚነካው ዋጋ አይደለም። በዚያው ዓመት ኩባንያው ከሆላንዱ ፊሊፕስ ጋር ተጣመረ። ከዚያ በኋላ ማቀዝቀዣው፣ ልብስ ማጠቢያው፣ የሩዝ ማብሰያው ተከታተለ። ቪዲዮ ካሴቱም አለ። በ1976 ቪኤችኤስን ያወጣው ጄቪሲ የማትሱሺታ ቤተሰብ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት የወጣውን የሶኒን ቤታማክስ ያሸነፈው ሌሎች አምራቾችም በቪኤችኤስ እንዲሠሩ ስለተፈቀደላቸው፣ ደግሞም ካሴቱ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚቀዳ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮውን በቪኤችኤስ ያላስቀመጠ ቤተሰብ ስንት ይሆን?

ዓርብ፣ ኮያ ተራራ

ከናምባ በናንካይ ባቡር ሄዶ መጨረሻው ላይ ሽቅብ በኬብል መኪና ይወጣል። ኮያ መነኩሴው ኩካይ በ816 የመሠረቱት የገዳማት ተራራ ነው። ብርዱ ከኦሳካ የተለየ ነው። እዚህ የመጣሁት ኦኩኖኢን የሚባለው መካነ መቃብር ውስጥ የኩባንያዎች መታሰቢያ ስላለ ነው።

ከ200,000 በላይ መቃብር በረጃጅም የጥድ ዛፎች መካከል አለ። ከመሳፍንቱ ሐውልቶች ፈንጠር ብሎ የዘመኑ ድርጅቶች ያቆሟቸው አሉ። አንዱ ሮኬት ነው። አንዱ የቡና ስኒ ነው፤ የቡና ኩባንያ ያቆመው። የማትሱሺታ መታሰቢያ ግን የቆየ ነው። በሥራ ላይ እያሉ ላረፉ ሠራተኞች በ1938 ያሠራው ነው።

የማያውቁት ሰው መቃብር ፊት የሚባለው ብዙ አይደለም። ነፍስ ይማር አልኩ። ዝናብ ስለጀመረ ወረድኩ።

ቅዳሜ፣ በሺንካንሰን

ኦሳካ የሚማር ጓደኛዬ ሳምንቱን ሙሉ ፈተና ላይ ነበር። ዛሬ ወደ ቶኪዮ አብረን ሄድን። የምጣኔ ሀብት ተማሪ ነው፤ መከራከር ይወዳል።

እኛ የያዝነው ፈጣኑ ባቡር አታሚ ላይ አይቆምም። ባሕር ዳር ያለች የፍል ውሃ ከተማ ናት። በመስኮት ትታያለች፣ ወዲያው ዋሻ ይመጣል። በሐምሌ 1964 ማትሱሺታ በመላው ጃፓን ዕቃውን የሚሸጡለትን ድርጅቶች ኃላፊዎች እዚያ ሆቴል ውስጥ ሰበሰበ። ይህ ባቡር ሥራ ሊጀምር ሦስት ወር ሲቀረው ማለት ነው። ገበያው ቀዝቅዟል። አብዛኞቹ ሻጮች ኪሳራ ላይ ናቸው። እሱ 69 ዓመቱ ነው፤ ፕሬዚዳንትነቱን ከለቀቀ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

ሁለት ቀን ሙሉ ተነታረኩ። ሻጮቹ ኩባንያውን ወቀሱ። እሱም መድረክ ላይ ቆሞ ጥፋት የእናንተም ነው እያለ መለሰ። በሦስተኛው ቀን ነገሩ ተለወጠ። የድሮውን አነሳ። አምፖል መሥራት ሲጀምር ጥራቱ ገና ነበር። ሻጮቹ ግን እናሳድግህ ብለው በጥሩ ዋጋ ተቀብለውት ነበር። ዛሬ ለቆምኩበት ያበቃችሁኝ እናንተ ናችሁ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው አለ። አለቀሰ። ሻጮቹም አለቀሱ። ከዚያ ሊቀ መንበርነቱን እንደያዘ የሽያጭ ክፍሉን ሥራ ራሱ ሊመራ ወረደ። ሽያጩም እንደገና ተዋቀረ።

ጓደኛዬ፣ «ብልህ ነጋዴ ነው፤ እንባው ጠቀመው» አለኝ። ጠቅሞታል። ግን የ69 ዓመት ሰው፣ በአገሩ ስመ ጥር የሆነ ባለሀብት፣ ከመቶ በሚበልጡ ደንበኞቹ ፊት ጥፋቱ የኔ ነው ማለቱ ቀላል አይደለም። ኃላፊ ይቅርታ ሲጠይቅ ማየት ብርቅ በሆነበት አገር ያደግን ሰዎች ነን።

እሑድ፣ ቶኪዮ

ጠዋት አሳኩሳ ሄድን። የሴንሶጂ ቤተ መቅደስ መግቢያ ላይ ቀዩ ግዙፍ ፋኖስ የተንጠለጠለበት በር አለ፤ ካሚናሪሞን። የቶኪዮ ፖስትካርድ ሁሉ ላይ ያለው እሱ ነው። በሩ በ1865 በእሳት ጠፍቶ ለ95 ዓመት አልነበረም። ማትሱሺታ ታሞ ሳለ እዚህ ጸሎት ተደርጎለት ስለዳነ በ1960 አሠርቶ ሰጠ። ፋኖሱ ወደ 700 ኪሎ ይመዝናል፤ በየአሥር ዓመቱ ገደማ ይታደሳል። ሕዝቡ ከሥሩ ፎቶ ይነሳል። እኛም ተነሳን።

ማትሱሺታ በሚያዝያ 1989 በ94 ዓመቱ አረፈ። በ2008 ኩባንያው የመሥራቹን ስም ትቶ ፓናሶኒክ ተባለ። ናሽናል የሚለውም ከጃፓን ገበያ ወጣ። ፓናሶኒክ አዲስ ስም አልነበረም። ከ1955 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ለሚላኩ ስፒከሮች ያገለግል ነበር። ዓለም በዚያ ስም ካወቀው አንድ ስም ይበቃል አሉ። ናሽናል ሲቀር አጎቴ ቅር ብሎት ነበር። እኔም ቅር ብሎኛል።

ከሰዓት በኋላ አኪሃባራ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ገባን። የፓናሶኒክ የፀጉር ማድረቂያ፣ የሩዝ ማብሰያ፣ የባትሪ ድንጋይ አለ። ኩባንያው ዛሬ ትልቅ ገንዘብ ያፈሰሰበት አንዱ ሥራ ለቴስላ መኪኖች የሚሆን ባትሪ ነው፤ ኔቫዳ ውስጥ ይሠራል። ክርክራችን የጀመረው ቴሌቪዥኖቹ ጋ ስንደርስ ነው። ፓናሶኒክ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ላይ ሀብቱን አፈሰሰ፤ ኦሳካ አጠገብ አማጋሳኪ ላይ ግዙፍ ፋብሪካዎች ተከለ። ገበያው ግን ወደ ኤልሲዲ ሄደ። በመጋቢት 2012 በተዘጋው የበጀት ዓመት ከ770 ቢሊዮን የን በላይ ከሰረ። በቀጣዩም ከ750 ቢሊዮን በላይ። በ2013 መጨረሻ የፕላዝማ ምርት ቆመ።

እኔን የሚቆጨኝ ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። በ2001 ኩባንያው ኪሳራ ውስጥ ሲገባ 13,000 ገደማ ሠራተኞች በጊዜ ጡረታ እንዲወጡ አደረገ። የ1929 ልጅ የሆነው ኩባንያ።

«ከዚያ ወዲያ ወደ ትርፍ ተመለሰ እኮ» አለ ጓደኛዬ። «ባይቀንሱ ኖሮ ዛሬ ይህን ዕቃ እዚህ አታየውም ነበር።»

«በ1929ም ያው ነው የተባለው፤ ሌላ መውጫ የለም። መውጫ ተገኘ።»

«ያኔ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ሁሉም ያንን አምፖል ማስገቢያ ይዞ ሱቅ ለሱቅ መዞር ይችላል። ከ200 ሺህ በላይ ሰው ምን ይዞ ይዙር?»

ጥሩ ነጥብ ነው። ማስገቢያው መጥፎ ዕቃ አልነበረም፤ ገዢ ነበር ያጣው። በ2001 ግን ችግሩ ዕቃው ራሱ፣ ዋጋውም ጭምር ነበር። ይህን ተቀበልኩት። አሁንም የማልቀበለው አንድ ነገር አለ። ማትሱሺታ አልጋው ላይ ሆኖ መጀመሪያ የጠየቀው ሰው ሳይቀነስ ምን ሊደረግ ይችላል የሚለውን ነው። ጥያቄው መልስ ላይኖረው ይችላል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን እሱ ነው። ሰው መቀነስ የመጨረሻው ገጽ ላይ የሚመጣ እንጂ የመጀመሪያው መስመር መሆን የለበትም። ጓደኛዬ ገበያ እስከዚያ አይጠብቅም አለ። አልተስማማንም።

ኦሳካ ሲኖር ዓመታት አልፈውታል፤ ካዶማ ግን ሄዶ አያውቅም። በሚመጣው እሑድ ሄዶ የ1929ን ክፍል ራሱ እንደሚያነብ ቃል ገባልኝ። ሙዚየሙ እሑድ ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ እንዲሄድ ነገርኩት።